ከገበር ጨርቅ የተሠራ ሰማይ

ይድረስ ለአባዬ፣

ጉልበትህ እንዴት ነው? ሳሉስ ተወህ? እማዬ በስልክ ሁሉም ደህና ነው ብላኛለች፤ እሷ ግን ቤቱ ቢቃጠልም ደህና ነን ነው የምትለው፤ ስለዚህ ከራስህ መስማት እፈልጋለሁ። እኔ ጤናዬ ደህና ነው። ከናፍቆትህ በቀር ብዬ ልጨምር ነበር፤ ግን በአንድ ከተማ ሁለት ዓመት ተኮራርፈን መጀመሪያ የምሸነፈው ለምን እኔ እሆናለሁ ብዬ ተውኩት። ስልኬን ስለማታነሳ ይኸው ጻፍኩ። ተሸነፍኩ።

ከሱቅህ የወጣሁ ቀን ያልከኝን አልረሳሁም። መቀስ ይዞ ያደገ ሰው ጭብጨባ ፍለጋ አይዞርም፣ ቴአትር ሥራ የጠላ ሰው መደበቂያ ነው ብለኸኝ ነበር። እኔም አፌን አልሰበሰብኩም፤ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ሱሪ ሳሳጥር አልኖርም ብዬህ ወጣሁ። ያቺን ቃል ዛሬም ሳስባት ታሳፍረኛለች፤ በዚያ ሱሪ ነው ያሳደግከኝ። ቴአትሩን ግን አልተውኩም። ቀን መጋረጃ ቤት እሰፋለሁ፣ ከሥራ በኋላ ከሠፈራችን የቴአትር ቡድን ጋር ነኝ። የጻፍኩልህም ስለሠራሁት ሰማይ ልነግርህ ነው። ሳትጨርስ እንዳታጥፈው።

የዘንድሮው ቴአትራችን ሦስተኛ ገቢር ጣሪያ ላይ ነው። የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች ከዋክብት ሥር ቁጭ ብለው እስኪነጋ ይነጋገራሉ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ደግሞ አራት አምፖልና አንድ የሚንቀጠቀጥ ፍሎረሰንት ብቻ ነው። አዘጋጃችን በሙያዋ ነርስ ናት፤ ወሬ ማንዛዛት አትወድም። የመድረክ መብራት የምንከራይበት አቅም ስለሌለን ገቢሩን ቀን እናድርገው አለች። እኔ ታዲያ ምን አፌን እንዳሳከከኝ እንጃ፣ ሰማዩን እኔ እሠራዋለሁ አልኩ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። እስከ ዓርብ ካደረስሽ እሰየው፣ ካላደረስሽ በፀሐይ እንጫወታለን፣ አንቺም መጋረጃ መክፈትና መዝጋትሽን ትቀጥያለሽ አለችኝ። ይሄ የመጨረሻው ነገር ሆዴ ውስጥ ገባ።

ከመጋረጃ ቤት የተረፈ ጥቁር ገበር ለመንኩ። ብርሃን እንዳያሳልፍ ድርብ አድርጌ ከመድረኩ ጫፍ እስከ ጫፍ ቀጣጠልኩት። ጨርቅ በመርፌ ቢወጋ ተመልሶ እንደሚገጥም ለአንተ አልነግርህም፤ ይሄ ግን ናይለን ስለሆነ መርፌውን በሻማ እያጋልኩ ስወጋው የቀዳዳው ጠርዝ ይቀልጥና ክፍት ሆኖ ይቀራል። ሁለት ቀን ጣቴ እስኪላጥ ወጋሁ። ረቡዕ ሰቀልነውና "ብልጭታ" የምንለው ኤሌክትሪሻናችን ከኋላ አምፖሎቹን አበራ።

ብልጭታ ራሱን እያከከ ይሄስ ሰማይ ሳይሆን ወንፊት ነው አለ። እውነቱን ነው። ከዋክብቱ በሙሉ ሁለት ሁለት ጣት እየተራራቁ፣ ቀጥ ባለ መስመር፣ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ተደርድረዋል! አባዬ፣ ሳላዘው እጄ ራሱ ለክቷል። ማስመሪያውን ጣቴ ላይ እያሳረፍክ እኩል፣ እኩል ስትለው ያደገ እጅ ሌላ ምን ያውቃል? እስቲ አዘበራርቄ ልውጋ ብዬ በሌላ ቁራጭ ሞከርኩ፤ ዝብርቅርቁም እኩል ወጣ። አለቀስኩ። ሱቁን ጥዬ ሄጄ፣ ሰማይ ልሠራ ብዬም እንኳ እዚያው ማስመሪያህ ሥር ተገኘሁ ብዬ ተናደድኩብህ። ወዲያው ደግሞ ሳቄ መጣ።

ሐሙስ ጠዋት ሩዝ ስለቅም ትሪው ከእጄ አምልጦ ወለሉ ላይ ተበተነ። ልራገም አፌን እንደከፈትኩ ዓይኔ ፍሬዎቹ ላይ ቀረ። እዚህ ተከማችተዋል፣ እዚያ ባዶ ነው፣ አንዷ ብቻዋን ጥግ ይዛለች። ማንም አልለካቸውም። ሩዜን አፍሼ መጋረጃ ቤት ሮጥኩ። አለቃዬን ለምኜ የቀረውን ገበር መሬት ላይ ዘረጋሁና ሩዙን በእፍኝ እየዘገንኩ በተንኩበት። ፍሬ ባረፈበት ሁሉ በሳሙና ስባሪ ምልክት አደረግኩ። ትንንሾቹን በቀጭን መርፌ፣ መካከለኞቹን በጆንያ መርፌ፣ አሥራ አንዱን ብቻ በወስፌ ወጋሁ። እጄ ልለካ ሲል፣ አርፈህ ተቀመጥ፣ የታዘዝከውን ብቻ ውጋ እለው ነበር።

አዲሱን ጨርቅ ማታውኑ በፊተኛው ቦታ ሰቀልነው። አምፖሎቹ በቀጥታ ሲበሩ ጨርቁ ላይ ሦስት ፀሐይ ስለሚያወጡ ብልጭታ ወደ ኋላው ነጭ ግድግዳ አዞራቸው። ብርሃኑ ከግድግዳው ተመልሶ ለሁሉም ቀዳዳ ተዳረሰ። በግድግዳውና በጨርቁ መሃል የስስ ወረቀት ቅዳጆች በክር አንጠልጥለን አንድ አሮጌ ቬንትሌተር ቀስ ብሎ እንዲያወዛውዛቸው አደረግን፤ ከዋክብቱ መጣቀስ ጀመሩ። የፊቱን አምፖል ደግሞ ሰማያዊ የደብተር መሸፈኛ ላስቲክ ራቅ አድርገን ጋረድንበት፤ የተዋናዮቹ ፊት የጨረቃ ብርሃን ያረፈበት መሰለ። ዓርብ አዘጋጃችን መጥታ አየች። ጨርቁን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመለከተችና፣ ገቢሩ ማታ እንደሆነ ይቆይ ብቻ ብላ ወጣች። ከሷ አፍ ይሄ ሽልማት ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። ለእማዬ ቀኑንም ቦታውንም ነግሬያት ነበር፤ አባትሽን ታውቂው የለ ብላ ዘጋችኝ። ውጪ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ እኛ ውስጥ ግን ለሦስተኛው ገቢር መጋረጃው ሲከፈት መሸ። ሰዉ አንድ ላይ እህ አለ። አንዲት እናት ጮክ ብለው፣ ወይ ጉድ፣ ጣሪያውን ማን አነሳው? አሉ። ኮራሁ አባዬ። በልኬ የተሰፋው ቀሚሴ ጠበበኝ። ሰው ሁሉ አንጋጦ የሚያየው የልብስ ሰፊ ልጅ ሥራ ነው ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

እሑድ በሁለተኛው ትርኢት ታላቅ ወንድም ሆኖ የሚጫወተው ረጅሙ ተዋናያችን ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ የወንበሩ እግር ጨርቁን ያዘና አንድ ክንድ ያህል ተረተረው። ብርሃን ቦግ አለ። ደግነቱ ሰውዬው ምላሱ ፈጣን ነው፤ መብረቅ ነው፣ ሊዘንብ ነው መሰለኝ ብሎ ሕዝቡን አሳቀ። እኔ ከኋላ በሆዴ ተስቤ በመርፌ ቁልፍ ያዝኩት። ሰኞ ሥራ በዛብኝ። ማክሰኞ ልሰፋው ክርና መርፌ ይዤ ሄድኩ።

ተሰፍቶ አገኘሁት። ዘበኛውን ብጠይቀው፣ ሰኞ ረፋድ ላይ አንድ ሽማግሌ የሚጠገን መጋረጃ አለ ብለው መጡ አለኝ። ስማቸውን ቢጠይቃቸው ልብስ ሰፊ ነኝ ብቻ አሉት። የት ጋ እንደተቀደደ ሳያሳያቸው የእሑዱን ትርኢት እንዳየ ሰው ቀጥ ብለው ሄዱ። የዕቃ ሳጥን ላይ ተቀምጠው መርፌ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ፣ በመርፌ ቁልፍ ሰማይ ይያዛል እንዴ? እያሉ ሲያጉረመርሙ እስከ ምሳ ሰዓት ቆዩ።

ስፌቱን በጣቴ ዳሰስኩት። ከፊት ቢፈልጉት አይገኝም። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ስፌቱ የደፈናቸውን ከዋክብት ሰውዬው ዳር ዳሩን እንደገና ወግተዋቸዋል። ሰባት ናቸው። በሜትር ለካኋቸው፤ የአንዱም ርቀት ከሌላው ጋር አይገጥምም። ዕድሜያቸውን ሙሉ እኩል ሲሰፉ የኖሩ ሰው ሰባት ቀዳዳ ለማዛነፍ ስንት ጊዜ እጃቸውን እንደተቆጡ ሳስብ፣ እዚያው ሳጥን ላይ ተቀምጬ ይዤው የመጣሁትን ክር መልሼ ጠቀለልኩ። ማን ናቸው ብዬ አልጠይቅህም።

አባዬ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥህ፤ የዓይንህን ብርሃን፣ የእጅህን ብርታት አያጉድልብኝ። እማዬን ሳምልኝ። የፊታችን ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት የመጨረሻው ትርኢት ነው። ከፊት ረድፍ መሃል ላይ አንድ ወንበር ማንም እንዳይቀመጥበት ለዘበኛው ነግሬዋለሁ። ከኋላ ተደብቆ ለሚያይ ሰው በቀጭን መርፌ የተወጉት አይታዩም።

ልጅህ