ደጀን ላይ ጋቢ ይወልቃል

ታኅሣሥ 22

ረፋድ ላይ ነበር። ፊልትሮ በናፍጣ እያጠብኩ። ጋሼ ይስማው ስልካቸውን አነሱ፤ ሰሙ፤ ዘጉ። ከዚያ ዞረው፣ ጋራዡ ሁሉ እየሰማ፣ «ብርድ ልብስ ያለበስሽው ሞተር ዓባይ በረሃ ላይ ተቀቀለልሽ» አሉኝ።

ሳቅ። መፍቻ ሲወድቅ ሰማሁ። የኔው ነበር።

የሾፌሩ የደመላሽ ሚኒባስ ነው። ወደ አዲስ አበባ ሰው ጭኖ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ጎሐ ጽዮን ዳገት ላይ ቆመ። ባለፈው ሳምንት ቱርቦውን የሸፈንኩት እኔ ነኝ። ቱርቦ የሚዞረው ከሞተሩ በሚወጣው ትኩስ ጭስ ነው፤ ዳገት ላይ እንደ ፍም ይግላል። አጠገቡ የጎማ ቱቦ አለ፣ ሽቦ አለ፣ ከላዩ ደግሞ የሰው ወንበር። ትኩሱን ቧንቧ እሳት በማይበላው ጨርቅ ጠቀለልኩት። በቧንቧውና በጎማው መሃል ቆርቆሮ አስገባሁ። ሙቀቱ ከጭሱ ጋር ይውጣ እንጂ እዚያው ታፍኖ አይቅር ብዬ። ያን ቀን ጋሼ ሲስቁ ዋሉ። «ሞተር ብርድ ልብስ ይለብሳል እንዴ፣ የዩኒቨርሲቲ ልጅ?»

ተሳስቼ ይሆን?...

ታኅሣሥ 23

መኪናው ተጎትቶ መጣ። ቴስታታው፣ የሞተሩ ክዳን፣ በሙቀት ተጣሟል።

ማንም ሳያየኝ ከስሩ ገባሁ። ጨርቁ እንዳሰርኩት ነው። ቆርቆሮው አልተነቃነቀም። ከቱርቦው አጠገብ ያለው ጎማ እንኳ አልለሰለሰም። የፈላው ውሃው ነው። ራዲያተሩ አያፈስም፤ ማራገቢያውም ይሠራል። ታዲያ ምን አፈላው?

ለጋሼ ልነግራቸው ጀመርኩ። አላስጨረሱኝም። ከዛሬ ጀምሮ ስቶር ትቀመጫለሽ፣ መኪና እንዳትነኪ አሉኝ። «የአማረን ስም አታስጠፊ።»

የአማረን ስም! አባቴ ነው እኮ። ይህን ጋራዥ በእጁ ያቆመ፤ ከመሞቱ በፊት፣ ሲታመም፣ ለወንድሙ ለጋሼ ይስማው «የብርጓል ትምህርቷን እስክትጨርስ ያዝልኝ» ብሎ የሰጠ። ጨረስኩ። አሁን ግን ብርድ ልብስ ያለበሰችውን ልጅ ማን መኪናውን ያምናታል? ጋራዡስ እንዴት በእጄ ይገባል?

ታኅሣሥ 26

ስቶር። ብሎን ስለይ ዋልኩ። እዚህ የሚሸተው አባዬ ነው... የድሮ ዘይት፣ የእጁ ሳሙና።

ትንሽ ሆኜ፣ እሱ ገና ሾፌር ሳለ፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ ጋቢና ከጎኑ አስቀምጦ ይወስደኝ ነበር። የማርቆስ የታኅሣሥ ጠዋት፣ መስታወቱ ላይ ውርጭ። ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ ራዲያተሩ ፊት ካርቶን ይደረግ ነበር። ዛሬም ሁሉም ያደርገዋል። አባዬ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ ይነዳል። ደጀን ስንደርስ፣ ቁልቁለቱ ሊጀመር ሲል፣ ይቆማል። ጋቢውን አውልቆ ያጥፍና ረዳቱን «የሱንም አውልቅለት» ይለዋል። ረዳቱ ካርቶኑን ይስባል። ወደ እኔ ዞሮ፣ «ደጀን ላይ ጋቢ ይወልቃል፣ ልጄ።» ሁልጊዜ። እንደ አዲስ።

ማዶ ዳገቱን ከጨረስን በኋላ ደግሞ ሞተሩን ወዲያው አያጠፋም። ጮክ ብሎ አባታችን ሆይ ይደግማል፤ አሜን ሲል ቁልፉን ያዞራል። ለምን ስለው፣ «እስኪተነፍስ።» ዩኒቨርሲቲ፣ የጋለ ቱርቦ በድንገት ሲጠፋ ውስጡ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ እንደሚደርቅ መምህሩ ሲያስረዱ ብቻዬን ሳቅሁ። አባዬ በጸሎት ይለካው ነበር።

ካርቶን...

ረዳቱ ማን ነበር? ደመላሽ።

ታኅሣሥ 27

ደመላሽን አገኘሁት። ካርቶኑን አውልቀህ ነበር ወይ አልኩት። ሳቀ። «ያን ቀን ጭራሽ አላደረግሁም። ደግሞ አባትሽ ያስተማረኝን እረሳለሁ?»

ዓይኑ ግን ጫማዬ ላይ ነበር።

ታኅሣሥ 29

ገና። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንዱ ሾፌር፣ «የብርጓል፣ ብርድ ነው፤ የኔንም ሞተር አልብሽልኝ» አለ። እማዬ አቀረቀረች። እኔ አላቀረቀርኩም።

ጥር 3

አንዲት መነኩሲት ጋራዥ መጡ። እማሆይ ወለተ ሰንበት፤ የዲማ ገዳም ናቸው። ለተክለ ሃይማኖት ደብረ ሊባኖስ ሲሄዱ በደመላሽ መኪና ተሳፍረው ኖሯል። መቋሚያቸውን ወንበር ስር ረስተው ሊወስዱ ነው የመጡት። አውጥቼ ሰጠኋቸው። መረቁኝ። ከዚያ ሾፌሩንም ይመርቁት ጀመር።

«እግዜር ይስጠው ያ ልጅ። መኪናው እንደቆመ ከፊቱ ካርቶን ስቦ አወጣና፣ እማሆይ አፈሩ ያቃጥልዎታል ብሎ አነጠፈልኝ። ካርቶኑ ግን ከአፈሩ ይብስ ነበር፤ ከምድጃ የወጣ ነው የሚመስል። እኔማ ቆሜ ጸለይኩ።»

እንደገና እንዲነግሩኝ ለመንኩ። ነገሩኝ። ለምን እንደማለቅስ አልገባቸውም።

ታፍኖ ነበር። ያ ሁሉ ዳገት፣ ያ ሁሉ ቆላ፣ ነፋስ ሳያገኝ። ብርድ ልብስ ያለበሰውስ እሱ!

ጥር 4

ጠዋት የጋሼ ቢሮ ገባሁ። እማሆይ ያሉትን አንድ ሳላስቀር ነገርኩ። የሚደነግጥ መስሎኝ ነበር።

«አውቃለሁ» አለ ጋሼ ይስማው። «ያን ቀን በስልክ ነግሮኛል።»

ያን ቀን! ዞሮ ሳያየኝ በፊት ማለት ነው። ጋራዡን ከማሳቁ በፊት።

«ታዲያ ለምን፣ ጋሼ? እርስዎ እያወቁ?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። ደመላሽ በስሙ የሚያድር ሰው ነው አለ፤ ሾፌሩ ካርቶን ረስቶ ሞተር አቃጠለ ከተባለ ማን ይሳፈርለታል፣ ልጆቹስ። ከዚያ በጣም በፍቅር፣ «አንቺ የኛ ነሽ። ትችይዋለሽ። ሰው ይረሳዋል» አለኝ።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ደብተር ላይ ግን እጄ እምቢ አለ።

የሚገርመው... ሳቁ የአባዬ ሳቅ ነው። ወንድማማች አይደሉ? ዓመት ሙሉ እሱን ሳይ አባዬን የማይ እየመሰለኝ ነው የኖርኩት።

ጥር 6

እማዬ መጀመሪያ «ተይው፣ አጎትሽ ነው» አለች። እህል ሳትቀምስ ዋለች። ማታ ከአልጋው ስር የአባዬን የመፍቻ ሳጥን ጎትታ አወጣች። «ለእሱ ያልሰጠሁት ለምን ይመስልሻል?» አለች። ሳጥኑን ወደ እኔ ገፋችው።

ጥር 20። ደጀን

ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ አባዬ ይቆምበት የነበረው ሜዳ። ሸራ ወጥሬያለሁ። ሳጥኑ አለ። ከበረሃው የሚወጣውን ነፋስ አውቀዋለሁ... ያኔም ጋቢው ሲወልቅ ይህ ነፋስ ነበር።

ከዓባይ ወጥቶ የሚመጣ ሾፌር ሊያጠፋ ሲል፣ ቆይ እለዋለሁ። አባታችን ሆይ በልና አጥፋ። ይስቃሉ። ይላሉ ግን። የአንዱን ቱርቦ ትናንት ሸፈንኩለት። ዛሬ ሲመለስ ወንበሩ እንዳላቃጠለው ነገረኝ። ብርድ ልብስ አላለም።

ጋሼ ይስማው ሽማግሌ ልኮ ነበር። ስቶሩ ይቅር፣ ወደ ሥራሽ ግቢ፣ የካርቶኑ ነገር ግን እዚያው ይቅር አሉኝ። እውነቱ በተሳቀብኝ ቦታ ይነገር፣ አደራውም ይመለስ ብዬ መለስኳቸው።

ከሰዓት ደመላሽ መጣ። ሞተሩ ተጠግኗል። ሳልናገረው ወርዶ ካርቶኑን ሳበና አጠፈው።

«ይኸው፣ አወለቅሁ።»

«ለኔ አይደለም የምታሳየው። ማርቆስ ጋራዡ መሃል ቆመህ ተናገር።»

«ጋሼ ይቆጣሉ።»

«ይቆጡ።»

ካርቶኑን ይዞ ቀስ እያለ ወደ መኪናው ሄደ። አባዬ «የሱንም አውልቅለት» ሲለው የነበረው ልጅ ትዝ አለኝ... ይሮጥ ነበር። አዘንኩለት። አዘንኩለት እንጂ አልማርኩትም። መኪናውን አስነስቶ ወደ ዓባይ ወረደ። ድምፁ እስኪጠፋ አዳመጥኩ። ሞተሩ ደህና ነው።

ጋራዡን እጠይቃለሁ፤ በሽማግሌ፣ ካልሆነም በፍርድ ቤት። ሰው የረሳውን ረሳሽ፣ ሰው ያቃጠለውን አቃጠልሽ መባልን ከእንግዲህ አልቀበልም። ከሁሉ በላይ ግን፣ የኛ ስለሆንሽ ቻይው መባልን አልቀበልም። ከማንም። በአባዬ ሳቅ ቢነግሩኝም።