ስፌቱ የዋጠው ሰፈር

ለአቪቶኮፔ ወረዳ ዋና አስተዳዳሪ ለክቡር አቶ ጋሜሊ
ባሉበት፣ ከግንቡ ወዲያ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እንቅልፋችሁ ጥልቅ፣ የቤታችሁም ወለል ደረቅ እንዲሆን ምኞቴ ነው። ስለ እኛ ቢጠይቁ ደህና ነን። ባሕሩም ደህና ነው፤ እንዲያውም ከእኛ ይልቅ እየበረታ ነው።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ። በደንቡ መሠረት በእጄ ይዤ ቢሮዎ መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ በትሕትና ተቀብላኝ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰፊ የአየር ፎቶ ለረጅም ጊዜ ከተመለከተች በኋላ፣ «እትዬ፣ ሰፈርዎ እዚህ ላይ የለም። የሌለ ሰፈር ማመልከቻ ደግሞ የት ፋይል ውስጥ ላስገባው?» አለችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ስለሆነ ማመልከቻዬን ይዤ ተመለስኩ። ስለዚህ እርስዎን የማመሰግንባቸውን ጉዳዮች ቁጥር ሰጥቼ እዚህ አቀርባለሁ።

1. ለባሕር መከላከያው ግንብ የተነሡትን የድሮን ፎቶዎች የሚያገጣጥመውን ሶፍትዌር በር ዘግታችሁ ሳይሆን በትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ በሕዝብ ፊት ስለ መረጣችሁልን አመሰግናለሁ። ሁለቱም ፕሮግራሞች በአንድ ዓይነት ፎቶዎች ሲፈተኑ አይተናል። የመጀመሪያው ቀኑን ሙሉ ሲያስብ ውሎ፣ ባሕር ዳርቻውን ፎቶ ከፎቶ እየቀጠለ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰፍቶ፣ ከጸሎት ቤታችን አጠገብ አንድ ጥቁር ቀዳዳ ተወ። ከሥሩም «እነዚህን ፎቶዎች ማገናኘት አልቻልኩም፣ እባክዎ በእጅ ያመልክቱ» የሚል ጽሑፍ አወጣ። ሁለተኛው ግን ባለሙያዎቹ የበቆሎ ኬንኬያቸውን በተጠበሰ ዓሣ በልተው እጃቸውን ሳይታጠቡ ጨረሰ። ቀዳዳ የለውም፣ አሸዋው እኩል ነው፣ ባሕሩም ሰማያዊ ነው። ያን ጊዜ እርስዎ ተነሥተው፣ «ያኛው እኮ አላውቅም ይላል! አላውቅም ለሚል ነገር ነው እንዴ ገንዘብ የምናወጣው?» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እኔም ስቄያለሁ፣ አነጋገርዎ ያስቃል። የቢሮዎ ኢንጂነር ሴኑ ብቻውን ሳይስቅ፣ አሸዋው ላይ ምልክት አስቀምጦ ክፍተቱን በእጅ ለመሙላት ጥቂት ጊዜ ቢሰጠው ሲለምን፣ «ልጄ፣ እርዳታ ሰጪዎቹ ሐሙስ ይገባሉ። ቀዳዳ ላሳያቸው?» ብለው መለሱለት። እውነትዎን ነው። ለእንግዳ ቀዳዳ አያሳዩም።

2. ፎቶውን ሕዝብ እንዲያየው ስለ ሰቀላችሁት አመሰግናለሁ። ሌላው ሰው ሁሉ ቤቱን በጣቱ እየነካ ሲሳሳቅ እኔ የራሴን ፈለግሁ። ከጎረቤቴ ከፎ አግቤኮ ጣሪያ ተነሥቼ ወደ ባሕሩ አንድ ጣት ብሄድ ውኃ ገባሁ። ኢንጂነር ሴኑም አጠገቤ ቆሞ፣ «እማማ፣ እዚህ ጋ ምንም የለም እኮ» አለኝ። «እኔ ታዲያ ከየት መጣሁ?» አልኩት።

እንዴት እንደ ጠፋን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። መኪና ማቆሚያው አጠገብ ባለችኝ ትንሽ የፎቶ ቤት ለቀብር የተሰበሰበ ዘመድ አንድ ላይ እንዲወጣ ሦስት አራት ፎቶ አንሥቼ አገጣጥማለሁ። አንድ ጊዜ ፕሮግራሙ አንድ ዓይነት የሐዘን ጨርቅ የለበሱ ሁለት እህትማማቾችን አንድ ሰው ናቸው ብሎ ደራረባቸውና በመካከላቸው የቆሙትን አጎቶች በሙሉ ዋጣቸው። አጎቶቹ እኔ ቤት መጥተው የተናገሩኝን እዚህ አልጽፈውም።

በእኛም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ድሮናችሁ በባሕሩ በኩል ያለውን በመጀመሪያ አነሣ፤ ነፋስ ስለ ከለከለው ከሰፈራችን ጀርባ በሐይቁ በኩል ያለውን ከሳምንታት በኋላ አነሣ። በመካከሉ ባሕሩ ፎ አግቤኮ ቤት ገባ። እርስዎም የዚህ ዳርቻ ልጅ ስለሆኑ እንደሚያውቁት ባሕር ሲመጣብን ግድግዳውን ትተን ጣሪያውን ተሸክመን እንሸሻለን። ፎ አግቤኮ ታንኳ ቀቢ ነው፤ ጣሪያውንም በተረፈ ቀለም ቀብቶ ቀይ ዓይን ያለው ትልቅ ነጭ ዓሣ ሥሎበታል። ያንን ጣሪያ ከእኛ ፊት ነቅሎ፣ እኛን አልፎ፣ ከኋላችን ሐይቁ ዳር ተከለው። አሸዋ ከአሸዋ፣ ኮኮናት ከኮኮናት አይለይም። ፕሮግራሙ ግን በሁለቱም በኩል ያንኑ ዓሣ አገኘና ተደሰተ፤ ዓሣውን በዓሣው ላይ ደርቦ ሰፋው። በሁለቱ መካከል የነበርነው ሁሉ በስፌቱ ውስጥ ታጥፈን ቀረን፦ የእኛ ረድፍ ቤቶች፣ ጸሎት ቤቱ፣ የማማ ዳቬ የዓሣ ማጨሻ ምድጃዎች፣ መቃብራችንም ጭምር። ባሌ እዚያ ነው። እሱ እንኳ ተንቀሳቅሶ ሥራችሁን አላበላሸም።

3. ስለ ግንቡ አመሰግናለሁ። ለብዙ ዓመታት ስንለምነው የኖርነው ግንብ መጣ። መስመሩም በዚያው ፎቶ ላይ ስለ ተሰመረ፣ ፎቶውም ከዓሣው ጣሪያ ቀጥሎ ባሕር ነው ስለሚል፣ ታክሲ የሚያካክሉት ድንጋዮች ከኋላችን እየተደረደሩ ነው። መንገዱ፣ የውኃ ጉድጓዱና ክሊኒኩ ከወዲያ ናቸው፤ እኛና ባሕሩ ከወዲህ ነን። ከዋና ከተማው ከአክራ የመጣውን የገልባጭ መኪና ሹፌር መንገድ ዘግቼ ለመንኩት። «ማዳም፣ እኔ የማራግፈው መስመሩን ተከትዬ ነው» አለኝ። «መስመሩ ቤትሽን ካላየ እኔ ለማየት ማን ነኝ?»

ዕድሜዋን ሁሉ ከዚህ ባሕር ስትሸሽ የኖረችው ማማ ዳቬ ድንጋዮቹን ቆማ ካየች በኋላ፣ «ድሮ ሲመጣብን ወደ ኋላ እንሄድ ነበር። አሁን ኋላችንን ማን ወሰደው?» ብላ ጠየቀችኝ። ለእርስዎ አደርሳለሁ ብያታለሁ፣ ይኸው አደረስኩ። በፊት ማዕበሉ በመካከላችን አልፎ ሐይቁ ውስጥ ገብቶ ይሞት ነበር። አሁን ድንጋዩን መትቶ ይመለሳል። በዚህ ወር ሁለት ጊዜ ውኃው ከኋላ በር ገብቶብኛል። ከፊት ሲመጣ ድምፁን እናውቀዋለን፤ ከኋላ ሲመጣ ድምፅ የለውም።

4. ቢሮዎ ስለ ለጠፈው ማስታወቂያም አመሰግናለሁ። በመስመሩና በባሕሩ መካከል የሚታዩ ቤቶች «ከፎቶው በኋላ ካሳ ፈልገው በሕገ ወጥ መንገድ የተሠሩ» መሆናቸውን ከማስታወቂያው ተረድተናል። ወረቀቱ የተለጠፈው በጸሎት ቤታችን በር ላይ ነው። እርስዎ ክርስትና የተነሡት በዚያ በር ገብተው እንደሆነ ማማ ዳቬ ታስታውሳለች። እርስዎም ከፎቶው በኋላ የተወለዱ ይሆናሉ።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። ከጸሎት ቤቱ አጠገብ አንድ ጋሪ የሚያሳልፍ ክፍተት ገና አልተዘጋም፤ ከክረምቱ ማዕበል በፊት እንደሚዘጋ ሹፌሩ ነግሮኛል። ከመዘጋቱ በፊት፣ የተጣለውን የመጀመሪያውን ፕሮግራም ኢንጂነር ሴኑ እንደገና ይክፈተውና ጥቁሩን ቀዳዳ ይመልከቱት። እኛ ያለነው እዚያ ውስጥ ነው። ከቀዳዳው ፊት ለፊት መስመሩ ወደ ባሕሩ ቢገፋ ሌላ የምንጠይቀው የለም።

ለእርስዎ ያለኝ አክብሮት በፎቶው ላይ ካለው ባሕር ይሰፋል፣ እንደ ስፌታችሁም ቀዳዳ የለበትም። መልስዎን በድንጋዮቹ አናት ላይ ቢያስቀምጡልኝ ወጥቼ አነሣዋለሁ።

ታዛዥዎ፣ በሥዕሉ የሌለችው
አክፔኔ ዞግቤ
ከግንቡ ወዲህ

ማስታወሻ፦ ለሁለተኛው ዙር ግንብ ድሮኑ ተመልሶ እንደሚበርና ያው ፕሮግራም እንደሚያገጣጥመው ሰምተን ደስ ብሎናል። የወረዳው ቢሮ ከሰማይ አምሮ እንዲታይ ጣሪያውን በፎ አግቤኮ አስቀብታችኋል፤ ሥራውን ጨርሶ ወርዷል። የተረፈው ነጭና ቀይ ቀለም ስለ ነበረው ለጋስ ሆኗል። የእኛንም ረድፍ ጣሪያዎች በነካ እጁ በነጻ፣ በቢሮዎ ጣሪያ ንድፍ ቀብቶልናል። ከታች ሆኖ ለሚያይ ምንም አይታይም። ከላይ ሆኖ ለሚያይ ግን ቢሮዎና ቤቴ ሁለት መሆናቸውን መለየት ይከብደዋል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ጣሪያውን በጣሪያው ላይ ደርቦ ሲሰፋ፣ በሚቀጥለው ፎቶ ከግንቡ ወዲህ ጎረቤት ሳንሆን አንቀርም። ድንጋዮቹ ከኋላዎ መራገፍ ሲጀምሩ አይደንግጡ፣ እንመጣለን። ግድግዳውን ይተዉት፤ እኛ የምንሸከመው ጣሪያውን ነው።