የእማዬ ስኳር ወረደ

ሰኞ

የስኳር መለኪያዋ እማዬ ክንድ ላይ ተለጠፈች። «ይኸው ነው?» አለች እማዬ። የሳንቲም ያህል ናት፤ ከሥሯ ፀጉር የምታክል ሽቦ ቆዳ ውስጥ ገብታለች። በራሷ ትንሽ ባትሪ ስኳሯን እየለካች ወደ ስልክ ትልካለች። የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ያመጣት ይህችን አንዲት ብቻ ነው፤ ሁለት ሳምንት ትሠራለች ብሎኛል። ስልኩ ግን የእኔው አሮጌ ነው፤ ግማሽ ቀን አይዘልቅም።

እማዬን ከሆመቾ ወደ ቤቴ ያመጣኋት ጓሮ ውስጥ ወድቃ ከተገኘች ወዲህ ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ሳስተምር ነው የምውለው። ስልኩን የምትይዘው አብራት የምትውለው አክስቴ ወርቅነሽ ናት።

ማክሰኞ

ስኳሯ ሁለት መቶ ሰማንያ ደርሷል። ትናንት የጎረቤት ድግስ ላይ አተካና፣ ያንን በቅቤ የራሰ የቡላ ምግብ፣ በልታለች። «ቅቤው ነው እንጂ ቡላው ምን አደረገ?» አለችኝ።

ባለሱቋ እትዬ ሙኒራ «አላህ ያውርድልሽ» አለቻት። የቤተ ክርስቲያን ሴቶችም ነገ መጥተው «እንዲወርድላት» ሊጸልዩ ነው። ሁሉም «ይውረድ» ነው የሚለው።

ረቡዕ

ለምሳ ስመለስ እልልታው መንገድ ድረስ ይሰማል። ሳሎኑ በሴት ሞልቷል። አክስቴ ስልኩን ከፍ አድርጋ ይዛ «ወረደ! ወረደላት!» ትላለች። ስልኩ ለማስጠንቀቅ ይጮኻል። «ሃሌ ሉያ!» ይላሉ። እማዬ መሐላቸው ተቀምጣ ላብ አጥምቋት ትንቀጠቀጣለች። ከጸሎተኞቹ አንዷ እህት አበበች «ተያት፣ ጌታ እየነካት ነው» አለችኝ።

ቁጥሩን አየሁት፤ አርባ ዘጠኝ። ከሰባ በታች አደጋ ነው።

ወጥ ቤት ሮጬ ስኳር በውኃ በጠበጥኩ። ሦስት ሴቶች በሩ ላይ ቆሙብኝ።

«አስቴር፣ ስኳር ላለባት ስኳር? ልትገድያት ነው?»

«ልቀቁኝ!»

ብርጭቆው ተነካ፤ ግማሹ ፈሰሰ። የቀረውን በማንኪያ አጠጣኋት። መጀመሪያ ከአፏ ወጣ፤ ከዚያ ዋጠች። ጥቂት ቆይታ ስሜን ጠራች። ሴቶቹ ጫማቸውን ይፈልጉ ጀመር።

ሐሙስ

አክስቴ ተቀይማለች። «ሦስት መቶ ሲሆን ታለቅሻለሽ፤ ሲወርድ ትጮኺያለሽ። ምን ቢሆን ነው ደስ የሚልሽ?» እውነቷን ነው፤ ቋንቋው ነው የከዳን።

እማዬን «ኢንሱሊን ተወግተሽ ቁርስ ለምን ተውሽ?» አልኳት።

«እነሱ ለእኔ ጾመው እየጸለዩ እኔ ልብላ?»

ይህን ደግሞ የትኛውም መሣሪያ አይለካውም።

ተስማማን፦ ከሰባ ሲያንስ «ወረደ» አይባልም፤ «ጎደለ» ይባላል። «የጎደለማ ይሞላል» አለች አክስቴ፤ ፊቷ ትንሽ ተፈታ። ማታ እህት አበበች ደወለች። ከእንግዲህ «በልኩ ይሁንላት» ብለው እንደሚጸልዩ፣ እማዬም በልታ እንድትጠብቃቸው ነገረችኝ። ድምጿ የደከመ ነው፤ የእኔም።

ዓርብ

ከንጋት ጀምሮ መብራት የለም። በእረፍት ሰዓት ስልኩ ላይ ደወልኩ፤ ተዘግቷል። እንደገና ደወልኩ። የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ለባልደረባዬ ትቼ ባጃጅ ተኮናትሬ መጣሁ። መንገዱን አላስታውሰውም።

እማዬ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ቂጣ ትበላለች። አጠገቧ ባዶ የሻይ ብርጭቆ።

«ምን ሆንሽ?»

«ላብ ላብ አለኝ፤ ጉልበቴ ከዳኝ። ወርቅነሽን ሻይ በስኳር አስፈላኋት።»

«ስልኩ እኮ ጠፍቷል!»

«እንግዲህ የታመምኩት እኔ ነኝ ወይስ ስልኩ?»

አክስቴ ሳቀች። እኔም ከአጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

ሲመሽ መብራት መጣ። ስልኩ እንደበራ ክንዷ ላይ ያለችው ትንሽ ነገር ያጠራቀመችውን ላከች፤ መስመሩ ረፋዱ ላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ቀና ብሏል። ለእማዬ ላሳያት ስል ተኝታለች። አልቀሰቀስኳትም። እኔም ልተኛ ነው።