ለሰይድ ዋስ የተጠራበት ሳምንት

ሰኞ፣ ኅዳር 1። ረፋድ፣ ሱቅ

ደብተሬ፣ ለማንም አታውራ፤ አፍሬያለሁ። ባለፈው የመጽሔት ዓምዴ ላይ ደረቴን ነፍቼ፣ «ስፖንሰር የሚለው ቃል የተወለደው ሳሙና ሻጭ ለሬዲዮ ድራማ የከፈለ ዕለት ነው» ብዬ ጽፌ ነበር። ከየት አመጣሁት? ከራሴ። ዛሬ የዓባያ እጅጌ እየዘመዘምኩ ስልኬን ብከፍት፣ አዘጋጁ ከአዲስ አበባ የአንባቢ መልእክት ልኮልኛል። ጸሐፊው ደሴ የሚኖሩ ጡረተኛ ጠበቃ ናቸው። ሳሙናውን ለልብስሽ ተዪው ይላሉ። ቃሉ ከሬዲዮ በብዙ መቶ ዓመታት ይበልጣል፤ የሕግ ቃል ነው፤ ትርጉሙም ዋስ!

ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። እስከ ቅዳሜ ማረሚያ ላኪ ተብያለሁ። እኔ፣ ሳውዲ፣ ጂዛን ቁጭ ብዬ በየቀኑ «ስፖንሰሬ፣ ስፖንሰርሽ» ስል የምውለው ሴት!

ከሰዓት

ዘሃራ እያለቀሰች ገባች። የሱቃችን ቆራጭ ናት፤ የሐይቅ ልጅ። መቀስ ስትይዝ አጣማ ቆርጣ አታውቅም። ዛሬ አጣመመች። የደንበኛውን ጨርቅ ቀማኋትና አስቀመጥኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈይፋ ተራራ ላይ ቡና እርሻ የሚሠራውን ሰይድን ልታገባ ነው። ሽማግሌ ተልኳል፤ አባቷ አባ ይመር ልባቸው እሺ ብሏል። የቀረው ዋስ ብቻ። ባገራችን ወግ ሙሽራ ዋስ ይጠራል፤ ልጅቱን ቢበድል፣ ጥሎ ቢጠፋ፣ «እኔን ጠይቁ» የሚል ሰው። ትናንት አባ ይመር በስልክ ዋስ ጥራ ሲሉት ሰይድ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የመኖሪያ ፈቃዱን፣ የኢቃማውን ፎቶ ላከላቸው። ከፊትም፣ ከጀርባም።

አባ ይመር በድምፅ መልእክት መለሱ። አሰማችኝ። «አንተ ልጅ! ልጄን ምጥ ቢይዛት ይቺ ካርድ ሰው ትጠራለች?»

ሳቄ አመለጠኝ። ዘሃራም በእንባዋ መሃል ሳቀች። በሰይድ ግን አልፈርድም። ወደ አል-ዓሪዳ በሚወስደው መንገድ ኬላው ላይ ስድስት ዓመት ሙሉ «ኢቃማ!» እየተባለ የኖረ ሰው፣ ወረቀቱ ራሱን ቢመስለው ምን ይገርማል።

ሳቁ እዚህ ላይ ያበቃል። እስከ ዓርብ ዋስ ካልተጠራ አባ ይመር ቃላቸውን ሊያነሱ ነው። ሌላ ሽማግሌ ደጅ እየጠና ነው አሉ፤ ወፍጮ ያለው ሰውዬ የላከው። ዘሃራ የወፍጮውን ነገር ስታነሳ አፍንጫዋን ትነፋለች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3። ምሳ ሰዓት

ዋስ ፍለጋ ላይ ነን። አል-ሙወሰም ያለ ያገር ልጅ ተገኘ፤ ደግ ሰው፤ እሺ አለ። አባ ይመር በስልክ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁት፤ የዛሬ ዓመት የት ትሆናለህ? ውሸት አያውቅ፣ «አላህ ያውቃል አባ» አለ። አበቃ። ባለቤቴም ደረቱን ሰጠ። ሰይድን ስንቴ አይተኸዋል ተባለ። ሁለቴ። «ሁለቴ ላየሁት በሬም ዋስ አልሆን» ብለው ዘጉበት። ባለቤቴ እስካሁን ከበሬው ጋር መነጻጸሩን አልረሳም፤ በሬ የተባለው እሱ ሳይሆን ሰይድ መሆኑን ግን ልብ አላለም።

ከጠበቃው ሁለተኛ መልእክት መጣ። ጠይቄያቸው ነበር፤ ጉጉቴ ከእፍረቴ በለጠ። ደብተሬ፣ ስማ ይሄን።

በጥንት ሮማውያን ሕግ ዋስ የሚሆነው ሰው ቆሞ ይጠየቃል። ቃል ትገባለህ? እሱም ያንኑ ቃል መልሶ፣ ቃል እገባለሁ ይላል። ፊርማ የለ፣ ማኅተም የለ። ድምፁ ያስረዋል። ስፖንሰር ያ ነው። እንግሊዞች ወስደው መጀመሪያ የክርስትና አባት አሉበት፤ ሕፃኑ አፍ ስለሌለው ስለሱ ቃል የሚገባለት። የሰው ዋስም አሉበት። ቆይቶ ፓርላማ ውስጥ የሕግ ረቂቅ ይዞ የሚቆመው ስፖንሰር ተባለ። ሳሙና ሻጩ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው (አፈርኩ፣ አፈርኩ)። ከዚያ ቪዛ መጣና እዚህ ዓረብ አገር «ከፊል» የሚሉት፣ በስሙ ፈቃድ የሚያወጣልን አሠሪ መጠሪያ ሆኖ አረፈ።

ይኸኛው ደግሞ ጭራሽ አስጨበጨበኝ። ባልና ሚስትን በአንድ የሚጠራው ስፓውስ የሚሉት ቃል የዚሁ እህት ነው! ሮማዊ አባት ልጁን ሊድር ሲጠየቅ በዚያው ቃል ነበር የሚመልሰው። አባ ይመር ሮማዊ ናቸው ማለት ነው። ለዘሃራ ነገርኳት። የሮማው አባት ወፍጮ ያለው አማች ይመርጥ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

እና መርፌዬን እየሰካሁ አንድ ነገር ብልጭ አለብኝ። ሰይድን ስድስት ዓመት የሚያውቅ፣ የዛሬ ዓመትም የት እንደሚሆን የሚታወቅ አንድ ሰው አለ። ዓም ጀብራን፣ ከፊሉ፤ የቡና እርሻው ባለቤት። ስሙ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፤ በወረቀትማ ድሮውንም ስፖንሰር ነው። በአፉስ?

ለሰይድ ደወልኩ። ጮኸ። «ወላሂ አልጠይቀውም እትዬ! ‹ናዓም›፣ እሺ ብቻ ስለው የኖርኩትን ሰው ሚስት ዳረኝ ልበለው?»

አንተ አትጠይቅ አልኩት። እኔ ምላስ አለኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

የአላህ ሥራ ይሁን የእኔ ዕድል፣ የዓም ጀብራን ሚስት ኡም ሐሰን የሱቃችን ደንበኛ ናት። የልኬት ቀጠሮዋ ዛሬ ነበር። (እሺ፣ ቀጠሮውን ከእሑድ ወደ ዛሬ ያመጣሁት እኔ ነኝ።) የቀሚሷን ወገብ እያጠበብኩ፣ አፌ ውስጥ ስፒል እንደያዝኩ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ኢቃማው ከፊትም ከጀርባም መላኩን ስትሰማ ስፒል እስኪወጋት ሳቀች። ባሏ ከእሷ ጋር እንኳ የሚያወራው በረመዳን ነው አለችኝ። ቢሆንም ነገ ከጁምዓ በኋላ ወደ ፈይፋ ውጡ አለች፤ ፊቱን አትፍሩት፣ ፊቱ እንደዚያ ነው።

ዘሃራ አትሄድም። ዋስ ሲጠራ ሙሽራ አትገኝም፣ ነውር ነው ብላ። ደጋግማ የነገረችኝ ግን፣ ምን እንዳለ በየደቂቃው ጻፊልኝ የሚል ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 5። ፈይፋ፣ ፒካፕ ውስጥ፣ ስንመለስ

ጽሑፌ ተወላግዷል፤ የመንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ የደስታም ነው። በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ሰይድ ነዳ። ባለቤቴ ከፊት ተቀምጦ ገደሉን ላለማየት ዓይኑን ጨፍኖ ወጣ። ላይ ጉም። ቡናው በየእርከኑ ቀልቷል። ዓም ጀብራን ምንጣፍ ላይ፣ ፊቱ እንደተባለው። ከቡና ገለባ የፈላ መጠጥ ቀረበልን፣ ዝንጅብል ያለበት። ጉዳዬን ነገርኩት፤ የእኔ ዓረብኛ ለእጅጌና ለወገብ እንጂ ለጋብቻ የተሰፋ አይደለም። ሰማ። አባ ይመር ዘንድ ደወልን፤ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበዋል። አባ ይመር፣ «ይህ ልጅ ልጄን ቢበድል ወደ ማን ልጩህ?» አሉ፤ ተረጎምኩ፤ ዓም ጀብራን አፉን ከፈተ፤ ስልኩ ተቆረጠ።

ኔትወርክ! ሰውዬው ተነሳ። በትሩን ይዞ እርከኑን መውጣት ጀመረ። ተከተልነው። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው እርከን፤ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ከላይ አንድ ድንጋይ አለ፤ ኔትወርክ የሚይዘው እዚያ ነው። ደወልን። አባ ይመር ተቆጥተው ነበር፤ ከፊሉ የሸሹ መስሏቸው።

ዓም ጀብራን የእርከኑን ግድግዳ ማየት ጀመረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተናገረ። ጎርፍ ይህን ግድግዳ ያፈረሰው ጊዜ ሠራተኛው ሁሉ ሄደ አለ። ይህ ልጅ ማንም ሳያዘው ድንጋዩን አንድ አንድ እያለ መልሶ ካበው። የኔን ግድግዳ ጥሎ ያልሄደ ሴት ልጅ ጥሎ አይሄድም። ቃል በቃል ተረጎምኩ። በኋላ እጁን አንገቱ ላይ አድርጎ፣ «ፊ ረቀበቲ» አለ።

ልተረጉም አፌን ስከፍት አባ ይመር ቀደሙኝ። «ተዪው ልጄ፣ ቁርአን ቀርቻለሁ፤ ዓረብኛ አይጠፋኝም። ‹በአንገቴ› አለ አይደል? ኸላስ፣ አለቀ!» ከበስተጀርባቸው ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ ተሰማ። ሰይድ ወደ ጉሙ ዞረ። ሰው እንዳያየው።

አላለቀም! ዓም ጀብራን ስልኩን አልመለሰም። የልጅቷስ ዋስ ማነው ብሎ ጠየቀ። ወለዲን ጥላው ብትሄድ እኔስ ወደ ማን ልጩህ? «ወለዲ» አለው፤ ልጄ። ናዓም ብቻ የሚባባሉ ሰዎች!

አባ ይመር በሳቅ ፈረሱ፤ እውነቱን ነው፣ ዋስ ከሁለት ወገን ነው፣ እኛ ረስተን ልንቀር! እዚያ ማን አለ? ባለቤቴ በክርኑ ወጋኝ።

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ፣ ተርጓሚዋ?»

ነገርኳቸው። «የኮምቦልቻው የመምህር ወልዴ? ታናሽ ወንድሜን ያስተማሩት? ታዲያ እስካሁን ምን ያስለፋናል፣ ወንድሜን በአለንጋ የገራ ሰው ልጅ አንቺ እያለሽልን!»

ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። ረጋ አለ። «ለዘሃራ ዋስ ነሽ?»

«ዋስ ነኝ» አልኩ።

በዚያው ቃል ተጠየቅሁ፣ በዚያው ቃል መለስኩ። ጠበቃዬ ትዝ አሉኝ። ወረቀት አልነበረም፤ አንድ ጫማ በእግሬ፣ አንዱ በጭቃ። የሆነ ነገር እንደታሰረ ግን አውቄዋለሁ።

ለዘሃራ ጻፍኩላት። የመለሰችው አርባ እልልታ የሚያህል ድምፅ ነው፤ ሱቁ ደንበኛ ሞልቶ ነበር አሉ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6። ጠዋት

ማረሚያውን ላክሁ። አጭር ነው። ተሳስቻለሁ፤ ስፖንሰር ማለት ሲጠየቅ ድምፁን አውጥቶ «እኔ አለሁ» የሚል ሰው ነው፤ ሌላው ሁሉ ኋላ የመጣ ነው። ለጠበቃውም ምስጋና። ሳሙናውን ለጫማዬ አውዬዋለሁ።

ኒካሁ መቼ ይሁን? ሰይድ ቡናው ተለቅሞ ሲያልቅ ይላል፤ ዓም ጀብራን እንዳያዝን። ዘሃራ ከዚያ በፊት ትላለች፤ ወፍጮው ሰውዬ እንዳይጎመጅ። ሁለቱም ከማለዳ ጀምሮ ተራ በተራ ይደውሉልኛል፤ እሱ እሷን፣ እሷ እሱን ይከሳሉ። አሁን ደግሞ ስልኬ ላይ የመጣው ቁጥር የሁለቱም አይደለም። የፈይፋ ነው። ዓም ጀብራን፣ ከረመዳን ውጪ የማያወራው ሰውዬ፣ ራሱ ደወለ!

ዋስ ነኝና ላንሳው። ከማን ወገን እንደቆመ ሰምቼ፣ ይህችኑ መስመር እዚሁ እቀጥልልሃለሁ።