መኪናው የሚቆምበት ጨዋታ

ውድ ወንድሜ አብዱልጀሊል፣

አሰላሙ አለይኩም። ወረቀትህን መምህርት መሪማ እቤት ድረስ አምጥታ ሰጥታኛለች። መልሱ የዘገየው ታምሜ አይደለም። አንድ መስመር ጽፌ አስቀምጠዋለሁ፤ በማግስቱ ሌላ መስመር እጨምራለሁ። በስልክ ልነግርህ እችል ነበር። በስልክ ግን ታቋርጠኛለህ፤ ታለቅሳለህ፤ እኔም አዝንልህና እተወዋለሁ። አሁን እንዳዝንልህ አልፈልግም።

ሁለት ነገር ጠይቀኸኛል። የልጄን የዓፊያን ፎቶ እንድልክልህ፣ አዲሱንም ጨዋታ በስሟ እንድትሰይመው እንድፈቅድልህ። ከመስከረም ጀምሮ በዞኑ ትምህርት ቤቶች ኮምፒውተር ላይ ሁሉ ይጫናል ብለሃል። «ልጃችን በከንቱ አልሞተችም እንዲባል ነው» ብለህም ጽፈሃል።

ጨዋታውን መሪማ ትምህርት ቤት ወስዳ አሳየችኝ። ከሚሴን አሳምረህ ሠርተሃታል። አስፋልቱ አለ፣ መናኸሪያው አለ፣ ባጃጆቹ አሉ። አንዲት ቀይ ሻሽ ያሰረች ልጅም አለች። ከግመሎች ጋር ስትሻገር መኪና ይመታትና ድምፅ ይመጣል፦ «ዓፊያ ዜብራውን ትታ ከግመል ጋር ስለተሻገረች ሞተች። አንተስ በየት ትሻገራለህ?»

ከጎኔ ሁለት ልጆች ተቀምጠው ነበር። ሳቁባት።

«ደንቆሮ ናት» አለ አንዱ።

«ገጠሬ!» አለ ሁለተኛው።

መሪማ ደንግጣ ጆሮውን ያዘችው። «ተዪው» አልኳት። ልጁ የተማረውን ነው የተናገረው። ያስተማርከው አንተ ነህ። ለአንተ የነገርኩህ ደግሞ እኔ ነኝ። የነገርኩህ ውሸት ነው።

ከዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ተምረህ ስትመለስ ያን አሮጌ ላፕቶፕ እኔ ቤት መደብ ላይ ዘርግተህ የመጀመሪያውን ጨዋታ የሞከርከው በዓፊያ ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። መምህር ሲያስረዳት የምታንቀላፋ ልጅ ያንተ ጨዋታ ፊት ዓይኗን አትጨፍንም ነበር። ግራና ቀኟን የለየችው በእሱ ነው። ቀዩንና አረንጓዴውን መብራት፣ ከሚሴ ውስጥ የሌለውን፣ የለየችው በእሱ ነው። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም።

አንድ ቀን እኔንም አጫወታችሁኝ። ጨዋታው ውስጥ ያለችውን ልጅ ከግመሎቹ ጋር አሻገርኳት። የከሚሴ ሰው የሚሻገረው እንደዚያ ነዋ። የአፋር ግመሎች ወደ ሰንበቴ ገበያ ሲነዱ አስፋልቱ ዳር ቆመን እንጠብቃለን፤ እነሱ ሲሻገሩ በጎናቸው እንሻገራለን። ግመል የገጨ ሾፌር መኪናው ይደቅበታል፣ የግመሉም ባለቤት አይለቀውም። ስለዚህ ይቆማል። እናታችን አንተንም እኔንም እንዲሁ ነው እያሻገረች ያሳደገችን። ኮምፒውተርህ ግን ጮኸና አስር ነጥብ ቀነሰብኝ። አንተ በሳቅ ፍርስ አልክ።

«እቴ፣ ግመል ትራፊክ ፖሊስ ሆነ እንዴ?»

«ይሻላል እንጂ! ግመል የሻይ አይጠይቅም» አልኩህ።

«ተይ እንጂ፣ ዘመኑ የዜብራ ነው። ነጩ መስመር ላይ ከቆመች መኪናው ይቆማል።»

«የትኛው መኪና?»

«ሁሉም። ሕግ ነው።»

ዓፊያ «እማ ተሸነፈች!» ብላ ጨፈረች። ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ የገባኸው አንተ ብቻ ነህ፤ እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆምኩ ሰው ነኝ። ምን ብዬ ልከራከርህ? ከዚያ በኋላ ስትጫወት ብዙ ጊዜ ከኋላዋ ቆሜ አይቻለሁ። ልጅቷ ዜብራው ላይ እጇን ስታነሳ መኪናው ይቆማል። አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቆም አላየሁም።

ያን ቀን ከትምህርት ቤት ልቀበላት ሄጄ ነበር። እጇን ይዣለሁ። ሃምሳ እርምጃ በማይሞላ ቦታ ግመሎች መሻገር ሊጀምሩ ነበር። «ኮቱ፣ ነይ በዚያ እንሂድ» ብዬ ሳብኳት። እጇን አስለቀቀችኝ።

«እማ፣ ነጥብ ይቀነስብኛል!»

«ማነው የሚቀንስብሽ?»

«አጎቴ ነዋ! ትናንት እኮ መቶ አገኘሁ። አንቺ እዚህ ቁሚና እዪኝ፤ ብቻዬን ነው የምሻገረው።»

አጠገባችን ሸንኮራ የምትሸጥ ሴት ነበረች። «የዘንድሮ ልጅ! እናቷን ታስተምር ጀመር» ብላ ሳቀች። እኔ ኩራት ተሰማኝ፣ አብዱልጀሊል። ሰው ፊት ኩራት ተሰማኝ።

«ዴሚ፣ በይ ሂጂ» አልኳት።

ዜብራው ጫፍ ላይ ቆመች። ግራ አየች፤ ቀኝ አየች፤ እንደገና ግራ አየች። አንድ አይሱዙ ሲመጣ አይታለች። እጇን አነሳችና ወረደች። አልሮጠችም። መሀል ስትደርስ ዞራ ሳቀችልኝ። ይቆማል ብላ ነው። ሾፌሩ ፍሬን የያዘው እሷን ካለፈ በኋላ ነው፤ ለግመሎቹ።

በለቅሶው ዳሱ ጥግ ጠርተኸኝ «እቴ፣ ዜብራው ላይ ነበረች?» አልከኝ። ፊትህ አመድ መስሏል። «የለም፤ ከእጄ አምልጣ ወደ ግመሎቹ ሮጠች» አልኩህ። ትንፋሽህን ስትለቅ ሰማሁ። ልጄን ቀብረው በተመለሱበት ቀን ወንድሜ እፎይ ሲል ሰማሁ። የጠላሁህ ያኔ ነው። ይኸው ሦስት ዓመት ሆነው፤ በኢድ ስትደውል የማናግርህ እየጠላሁህ ነው።

ለአንተ ብዬ ብቻ ዋሸሁ ካልኩ ግን አሁንም መዋሸቴ ነው። «ሂጂ» ያልኳት እኔ ነኝ። ባሌ አብዶ ይህን እንዲያውቅ አልፈለግሁም። ያንኑ ቃል ለፖሊስም ደገምኩት። ሾፌሩ በእኔ ቃል በጥቂት ወር ከእስር ወጣ፤ አሁንም በዚያው አስፋልት ላይ ይነዳል። አንተ ዳንክ፣ እኔ ዳንኩ፣ እሱ ዳነ። ያልሰማች፣ ያልታዘዘች ልጅ ተብላ የቀረችው እሷ ናት። ካስተማርከው አንዲት ነገር ያላጓደለች ልጅ፣ አሁን በየትምህርት ቤቱ ደንቆሮ ልትባል ነው።

ፎቶዋን አልልክልህም። ስሟንም ከዚያ ጨዋታ አውጣ።

ለአብዶ ነግሬዋለሁ። ሲሰማኝ ቆየና ተነስቶ ወጣ። አራት ቀን ሆነው፤ ቤት ገብቶ ይወጣል እንጂ አያናግረኝም። ይገባኛል። ሰኞ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን አስተካክላለሁ። ምን እንደሚያደርጉኝ አላውቅም።

አንተ ደግሞ የአንተን ሥራ። ጨዋታውን ተወው አልልህም። ልጆች ይማሩበታል፤ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። መኪናውን ግን እንደገና ሥራው። ልጁ ዜብራው ላይ ይቁም፤ ግራና ቀኝ ይይ፤ እጁን ያንሳ፤ መኪናውም አንዳንዴ ይቁም፣ አንዳንዴ አይቁም። መቼ እንደሚቆም ልጁ አይወቅ። ነጥብ የሚያገኘው ጎማው ጸጥ እስኪል እግሩን ያላወረደ ልጅ ይሁን። ይህን እስከ መስከረም ካላደረስክ፣ እኔ በየክፍሉ እየገባሁ ለልጆቹ በአፌ እነግራቸዋለሁ። ጨዋታውን ማን እንደሠራውም እነግራቸዋለሁ።

ሲሠራ ይሞከራል አይደል? የማይቆመውን መኪና ደጋግመህ ልትሞክረው ነው። ለሌላ ሰው እንዳትሰጠው። አንተው ቁጭ ብለህ ሞክረው፤ ሲመታት ዓይንህን እንዳትጨፍን።

እህትህ አስያ
የዓፊያ እናት
ከሚሴ