የክረምቱ ኮርሳ

ሚዛን፣ ነሐሴ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፤

ጤናሽ እንዴት ሰነበተ? ጉልበትሽን አሁንም ያምሻል ወይ? የጌጫ ብርድ ዘንድሮ ከሌላው ጊዜ እንደበረታ ከዚያ የሚመጡ ሾፌሮች ይነግሩኛል። ላሚቱ ወለደች? የጓሮው እንሰት ዝናቡን ቻለው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ የምልሽ ለወጉ ያህል አይደለም። ሙሉ አካል፣ ሙሉ ጤና ሆኜ እንደምጽፍልሽ ከሁሉ በፊት እንድታውቂልኝ ብዬ ነው።

ስልክ ብደውል ብደውል አታነሺም። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነሽ። ለዚህ ነው ወረቀት ያነሳሁት። እባክሽ ይህን ደብዳቤ ለሌላ ሰው ሰጥተሽ እንዳታስነብቢው፤ መነጽርሽን አድርገሽ አንቺው ራስሽ አንብቢው።

ማናልሞሽ የነገረችሽን አውቃለሁ። ልብስ ጭና ወደ እናንተ ገበያ ስትመጣ፣ ልጅሽን ሳይክል ላይ አየኋት፣ ከኋላዋም አንድ ሰው ይከተላት ነበር ብላሻለች። እሷው መጥታ ነገረችኝ። «ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ። እናትሽ የያዘችውን ሰፌድ መሬት ላይ ትታ ገባች» አለችኝ። ያንን ከሰማሁ ጀምሮ እህል አልጣመኝም።

እውነት ነው፣ እማዬ። ማናልሞሽ አልዋሸችሽም። በኃይለሚካኤል አርባ ቀን፣ ሰው ከተበተነ በኋላ፣ ማተቤን አስጨብጠሽ ሁለት ጎማ ባለው ነገር ላይ እንዳልቀመጥ አስምለሽኛል። እኔም ማልኩልሽ። ወንድሜን ያ ሞተር ሳይክል ከሸኮ በፊት ባለው ቁልቁለት ላይ ከቀማን ገና ሁለት ወር አልሞላንም ነበር፤ የፈለግሽውን ብትጠይቂኝ እምልልሽ ነበር። አሁን መሐላውን አፍርሻለሁ። እንዴት እንዳፈረስኩት ግን ከማናልሞሽ ሳይሆን ከእኔ ስሚው።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ትዕግሥት የምትባል ልጅ እኛ ጤና ጣቢያ ወለደች። እኔ ነኝ ያዋለድኳት። ደኅና ሆና ከነልጇ ወደ ቤቷ ሄደች። በስድስተኛው ቀን ባሏ ደውሎ «ሲስተር፣ ትኩሳት ይዟት ትቃዣለች» አለኝ። ያን ሰሞን ቤንዚን ከከተማው ጠፍቶ ባጃጁም ሚኒባሱም ቆሞ ነበር። የጤና ጣቢያው ሞተርም ከቆመ ቆይቷል። ቦርሳዬን አንግቼ በእግሬ ወጣሁ። ዝናብ ነበር። መንገዱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ፈጀብኝ። ስደርስ ሴቶቹ ፊቷን በነጠላ ሸፍነዋት ነበር። ሕፃኑ አጠገቧ ተኝቷል። አማቷ ቀና ብለው አዩኝና «አሁን መጣሽ?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። በቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሀይደር ሱቅ የሄድኩት። ሀይደር ከአማን መውጫ ላይ ሳይክል የሚጠግን ሰው ነው። አባቱ ከስልጤ አገር ለንግድ መጥተው እዚሁ የቀሩ ነበሩ፤ አሁን እሱና እናቱ ብቻ ናቸው። እኔ ዓይኔን የጣልኩት ጎማው ወፍራም የሆነ ትልቅ ሳይክል ላይ ነበር። ለጭቃ ይሆናል ብዬ ነው። እሱ ግን «ሲስተር፣ ከመንገድሽ ስንት እጁ አስፋልት ነው?» አለኝ። አሰብኩና ከአሥር ዘጠኙ እጅ አልኩት። «እንግዲያው ይሄ ይከብድሻል። ዳገቱን ሁሉ ስትገፊው ነው የምትውዪው። የሚሻልሽ ኮርሳ ነው» አለኝ። ኮርሳ የሚሉት ተወዳዳሪዎች የሚነዱት፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የታጠፈው ቀላል ሳይክል ነው።

ሁለት ኮርሳ ነበረው። አንዱ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ አዲስ የሚመስል። ሌላው አረንጓዴ፣ ቀለሙ የተላጠ አሮጌ ብረት። እጄን ቀዩ ላይ ሳደርግ ሳቀ። ጣቱን በጎማውና ጎማውን በያዘው ሹካ መካከል ሊያስገባ ሞከረ፤ አልገባም። «እዚህ ጋ ጭቃ ሲሞላበት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ለበጋ ቢሆን እሱን እሰጥሽ ነበር። ለክረምት ግን መልክ አትዪ፣ ክፍተት እዪ» አለኝና አረንጓዴውን አወረደው።

መሐላዬን የነገርኩት ያን ጊዜ ነው። ለምን እንደነገርኩት አላውቅም፤ ማንም አልጠየቀኝም። የያዘውን መፍቻ አስቀመጠና «እናትሽ አስምለውሽ ከሆነ እኔ አልሰጥሽም» አለ። ለመንኩት። እምቢ አለ። እንዲያውም ሳይክሉን መልሶ ሰቀለው። በአራተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ድረስ መጣና በር ላይ ቆሞ «ያቺ ልጅ በእውነት በመንገድ ርቀት ነው የሞተችው?» አለኝ። አዎ አልኩት። «እንግዲያው ነይና ውሰጂ፤ ግን እኔ አበቃ እስክል ድረስ አትነጂውም» አለ።

አንድ ሳምንት ሙሉ ሠራው። ቀጭኑን ጎማ አውልቆ ክፍተቱ የሚችለውን ያህል ሰፋ ያለ አገባለት፤ እርጥብ አስፋልት እንዲጨብጥ ብሎ ነፋሱን እስከ ጥግ አልሞላውም። ከቢጫ ጀሪካን ቆርጦ ለፊትም ለኋላም ጭቃ መከላከያ አበጀለት። የፍሬኑን ጎማዎች በሙሉ ቀየረ። ሰንሰለቱን ዝናብ ቶሎ የማያጥበው ወፍራም ዘይት ቀባው። ኮርቻውን፣ ስቆም እግሬ መሬት እንዲነካ ዝቅ አደረገው፤ መሪውን ደግሞ ወገቤን እንዳያመኝ ከፍ። እናቱ ወይዘሮ ሐፍሳ ለመድኃኒት ቦርሳዬ ከሸራ የዝናብ ልብስ ሰፉልኝ። ሲለኩልኝ ደጋግመው ፊቴን ያዩ ነበር።

ፍሬን አያያዝም አስተማረኝ። ቸርኬው፣ የጎማው ብረት፣ እርጥብ ሲሆን ፍሬኑ ወዲያው አይዝም፤ ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ለስለስ አድርጎ እየነኩ ውሃውን መጥረግ፣ ከዚያ መያዝ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በራሱ ሳይክል ከኋላዬ ይመጣ ነበር። የሰንሰለቱን ድምፅ ልስማ ይላል። ማናልሞሽ ያየችው እሱን ነው። በኋላ ሰንሰለቱ ምንም ድምፅ አልነበረውም፤ እሱ ግን መምጣቱን አልተወም። እኔም አትምጣ አላልኩትም።

ኃይለሚካኤል የወደቀበት ኩርባ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ እወርድ ነበር። እየገፋሁት በእግሬ አልፋለሁ። ይህን ያህል እንኳ መሐላሽን እንደጠበቅኩ ቁጠሪልኝ።

ሐምሌ 21 ቀን ግን አልወረድኩም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የበየነች ባል ደወለ። በየነች ከወለደች አምስተኛ ቀኗ ነበር። «ደም አልቆም ብሏታል፤ ከንፈሯ ነጥቷል» አለኝ። ሰማዩ ተደፍቷል ማለት ይቀላል። ሀይደር ያን ዕለት አልነበረም፤ ብቻዬን ወጣሁ። ኩርባው ጋ ስደርስ ልወርድ አልኩና ትዕግሥት ፊት ላይ የነበረው ነጠላ መጣብኝ። ፍሬኑን ነካ ነካ አደረግኩት። አልያዘም። እንደገና ነካሁት። ሳይክሉ ፈጠነ። እማዬ፣ ያን ጊዜ የጠራሁት ያንቺን ስም ነው። ከዚያ ውሃው ተጠርጎ አለቀ መሰለኝ፣ ቀስ ብሎ ያዘ፤ ኩርባውን ዞርኩት።

የወደቅኩት ከዚያ በታች ነው፤ አልደብቅሽም። ከቡና እርሻው የሚወጡ መኪኖች ቀይ ጭቃ አስፋልቱ ላይ ይጥላሉ። የፊት ጎማው ሸሸኝና በግራ ጎኔ ተዘረርኩ። ክርኔ ተላጠ፣ ሱሪዬ ተቀደደ፤ ሌላ ምንም አልሆንኩም። ቦርሳው ጠብታ ውሃ አልነካውም። ተነሥቼ መሪውን በጉልበቴ መካከል ይዤ አቃናሁና ነዳሁ።

በየነች በሕይወት ነበረች። መርፌ ወጋኋት፣ ጉሉኮስ ሰቀልኩላት፣ ደሙ እስኪቀንስ ማሕፀኗን ይዤ አልለቅም አልኩ። ባሏ አስፋልት ወጥቶ የቡና አይሱዙ አስቆመ። ጋቢና ውስጥ ጭኔ ላይ ተኝታ ሆስፒታል ደረስን። ሐኪሙ «ግማሽ ሰዓት ብትዘገዩ ኖሮ...» አለና ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ባለፈው ሳምንት ልጇን ልታስከትብ መጥታ ነበር፤ ጉንጯ ሞልቷል። «እግርሽን ይባርከው» አለችኝ። እግሬ ሳይሆን ጎማዬ ነው ብዬ አሳቅኳት።

ከሆስፒታሉ ስወጣ ሀይደር በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ጤና ጣቢያ ሄዶ የት እንደወጣሁ ሰምቶ በዚያው ዝናብ ከኋላዬ መጥቷል። ሳይክሉን ከበየነች ቤት አምጥቶልኛል። ከላይ እስከ ታች በስብሷል። ክርኔን ሲያይ በስሜ ጠራኝ። ከተዋወቅን ጀምሮ «ሲስተር» እንጂ ስሜን ጠርቶ አያውቅም። «ፍሬኑን ያሰርኩት እኔ ነኝ። አንድ ነገር ብትሆኚ ለእናትሽ ምን እላቸዋለሁ? ስሜን እንኳ የማያውቁትን ሰው ምን ብዬ ደጃቸው እቆማለሁ?» አለኝና ፊቱን አዞረ። እኔ ሰው ሲያለቅስ ማየት ሥራዬ ነው። ያን ዕለት ግን አልቻልኩም። ሳይክሉን ተቀብዬው ሳላመሰግነው ሄድኩ።

በማግስቱ ለንስሐ አባቴ መሐላዬን ማፍረሴን ተናዘዝኩ። ስግደት ሰጡኝ፤ እየሰገድኩ ነው። ልወጣ ስል «ልጄ፣ የከበደሽ የሳይክሉ ነገር ብቻ ነው?» አሉኝ። ለጊዜው እሱ ብቻ ነው አልኳቸው። አባ መስቀሉን ግን ከግንባሬ ላይ ቶሎ አላነሡትም።

አንዳንድ ጊዜ እናደድብሻለሁ፣ እማዬ፤ ይህንንም ልንገርሽ። ኃይለሚካኤል ለእኔም ወንድሜ ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ ግን እኔን፣ በሕይወት ያለሁትን፣ ነገ እንደምትቀበር ሰው ነው የምታዪኝ። መንገድ ስወጣ ትፈሪያለሽ፣ ስልኬ ሲዘጋ ታለቅሻለሽ፣ ሰው ስቀርብ ደግሞ ከየት ነው፣ የማን ልጅ ነው ትያለሽ። ጠፍታ ትቀርብኛለች ብለሽ እንደሆነ ይገባኛል። እኔ ግን አልጠፋሁም። ትመቺኛለሽ፣ ትቆጪኛለሽ፣ ሁሉንም እችላለሁ። ዝምታሽን ግን አልቻልኩትም።

ሳይክሉን አልተውኩትም። እንድተወውም ብታዝዢኝ አልታዘዝም፤ ዋሽቼ እሺ ከምልሽ እውነቱን ነግሬሽ ብትቀየሚኝ ይሻላል። በዚያ ኩርባ ላይ ግን አሁንም ወርጄ እገፋለሁ። አጣዳፊ ካልሆነ በቀር።

ለመስቀል በቴፒ በኩል እመጣለሁ። ብቻዬን አይደለም። በጉን እንደ ልማድሽ አሳርጂ፣ ጎረቤቱንም ጥሪ። አንድ ነገር ግን አደራ እልሻለሁ፤ ለአንድ ሰው የሚበቃ ሽሮ፣ ሥጋ ነክቶት በማያውቅ አዲስ ድስት፣ ለብቻው ሥሪልኝ። ለማን እንደሆነ ማናልሞሽን አትጠይቂያት። ደውዪና እኔን ጠይቂኝ።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ እንቅልፍሽን ይመልስልሽ። የወንድሜን ነፍስ በደጉ ቦታ ያሳርፍልን። ልብሽን ለእኔ ያራራልኝ፤ እኔንም ፊትሽን ሳላይ አያስቀረኝ።

የምትወድሽ፣ የምትፈራሽም
ልጅሽ