የሌለችው ማ

የካቲት 3፣ ሰኞ

ሥራ እንደ ሁልጊዜው። የጋዜጣውን አስራ ስድስት ገጽ አነበብኩ። ከስፖርቱ ሁለት፣ ከማስታወቂያው አንድ ስህተት ለቀምኩ። የማስታወቂያው «ሐዘን» መሆን ሲገባው «ሐሴት» ተብሎ ነበር... ቢያልፍ ኖሮ ጉድ ፈልቶ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው የጻፈውን ማረም። ራሴ የምጽፈው ይቺን ደብተር ብቻ ነው፤ እሷን ደግሞ የሚያርም የለም።

ቤት ስገባ ልጄ ወረቀት ይዛ በር ላይ ጠበቀችኝ። ለቢዝነስ ትምህርት ቤቱ የምታስገባው ማመልከቻ ነው።

«አባዬ፣ ዓይንህን ጣል አድርግበት።»

ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ናት። እኔ ያላየሁት ወረቀት ከእጇ አይወጣም። አንድ ነጠላ ሰረዝ ጨመርኩ። ሌላ የሚነካ አልነበረውም።

አምና የመግቢያ ፈተናውን በሦስት ነጥብ ወደቀች። ትምህርት ቤቱ አንድን ሰው ከሁለት ጊዜ በላይ አይፈትንም። ይሄ ሁለተኛዋ ነው። ከዚህ በኋላ የለም።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

የሙከራ ፈተና ወሰደች። ከመቶ ሠላሳ አንድ ስታለች። አብረን ተቀምጠን የሳተቻቸውን አንድ በአንድ በደብተር አሰፈርን፤ ሦስት ዓምድ። «አላወቅኩም» ዘጠኝ። «ጊዜ አለቀብኝ» ስምንት። «አላየሁም» አስራ አራት።

አስራ አራት! ከነዚህ አስራ አንዱ አንድ ዓይነት በሽታ ነው። ጥያቄው «የማይሆነው የቱ ነው» ይላል፣ እሷ የሚሆነውን ትመርጣለች። ማ እና ሚ። ሰው በአንዲት ፊደል ይወድቃል?

«ችኩሌ፣ ማን ነው የሚያባርርሽ?»

«ሰዓቱ ነዋ! አንተ ሻይህን ፉት እያልክ ነው የምታነበው። እኔ ለአንድ ጥያቄ ሰባ ሁለት ሰከንድ ነው ያለኝ።»

መፍትሔ ሰጠኋት። ጥያቄ ስታነብ «ማ»ን ባየች ቁጥር በእርሳስ ትክበባት። እኛ ጋዜጣ ቤት አዲስ ለሚቀጠር አራሚ የምናስተምረው ነው፤ ዓይን ይሸሻል፣ እጅ ግን የነካውን አይረሳም።

እናቷ ከጓዳ፦ «እናንተ ሰዎች አንዲት ማ ፍለጋ ቤቱን ልታፈርሱት ነው እንዴ?»

የካቲት 26፣ ረቡዕ

በየማለዳው ሃያ ጥያቄ። እሷ ከሥራ ፍለጋዋ በፊት፣ እኔ ከሥራዬ በፊት። እኔም አብሬ እሠራለሁ። መጀመሪያ ላበረታታት ብዬ ነበር፤ አሁን ግን፣ ለራሴ ነው መቼም የምጽፈው፣ ጥሞኛል። ዛሬ በሰንጠረዥ ጥያቄ ቀደምኳት።

«በቃ አንተው ተፈተንልኝ» አለች።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

በሁለተኛው የሙከራ ፈተና ሰባ አራት አመጣች። «አላየሁም» ዓምድ ውስጥ አንድ ብቻ። የጥያቄ ወረቀቷ በክብ ተሞልቷል፤ በረዶ የዘነበበት ይመስላል።

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ

ካመለከተችበት ኢንሹራንስ ድርጅት ደወሉላት። ሥራውን አግኝታለች። ለአንድ ዓመት ተኩል ስታንኳኳው የነበረ በር አሁን ተከፈተ... አሁን! እስከ ሚያዝያ 16 ኦርጅናል ዲግሪዋን አስረክባ መፈረም አለባት። ሁለት ዓመት እስክታገለግል ዲግሪው እነሱ ዘንድ ይቆያል።

ትምህርት ቤቱም እንዲሁ። የተፈተነ ሁሉ ለቃለ መጠይቅ የሚመዘገበው እስከ ሚያዝያ 17 ነው፤ በኦርጅናል። ውጤት የሚወጣው ደግሞ ከዚያ ሦስት ሳምንት ቆይቶ። ሰው በግምቱ ነው የሚመዘገበው። ለዚህ ነው ከፈተናው በኋላ የእኛ ጋዜጣ የሚያወጣውን የመልስ ትንተና ሰው የሚሻማው።

አንድ ዲግሪ። ሁለት መስኮት። ሁለቱም ኮፒ አይቀበሉም።

«ምን ታደርጊያለሽ?»

«እፈተናለሁ። ከዚያ እቆጥራለሁ። ካለፍኩ ትምህርት ቤት፣ ካላለፍኩ ሥራ። ምን ያስጨንቃል?»

ይሄን ስትል ግን ጥፍሯን ትበላ ነበር።

ሚያዝያ 11፣ ቅዳሜ

ተፈተነች። በር ላይ ጠበቅኳት። ሌሎቹ እየተጯጯሁ ሲወጡ እሷ ቀስ ብላ ወጣች። ቀስ ብላ ስትራመድ ያየኋት የመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል።

«እንዴት ነበር?»

«እንጃ። ማዎቹን ግን በሙሉ ከብቤያቸዋለሁ።»

የመረጠቻቸውን መልሶች በመግቢያ ወረቀቷ ጀርባ ገልብጣ ይዛለች። ይፈቀዳል። ከትናንት ጀምሮ ምግብ ያልበላሁ መሆኔ ትዝ ያለኝ አሁን ነው።

ሚያዝያ 12፣ እሁድ

የትንተናው ገጽ እኔ ጋ ደረሰ። በየዓመቱ የሚሠራልን የሒሳብ መምህር ነው። ከተፈታኞች ጥያቄዎቹን ሰብስቦ፣ ፈትቶ፣ ጠዋት ለታይፒስቷ በስልክ አስጽፏት እህቱ ታማበት ከከተማ ወጥቷል። የመቶውም መልስ፣ የአስሩ ከባዶች ደግሞ ሙሉ ጥያቄያቸው።

34ኛው ላይ ያዝኩት።

«ከ80 የማተሚያ ቤት ሠራተኞች 45ቱ የማተሚያውን ማሽን፣ 38ቱ የመቁረጫውን ማሽን ያውቃሉ። 12ቱ ሁለቱንም የሚያውቁ ናቸው። ማተሚያውን ብቻ የሚያውቁት ስንት ናቸው?» መምህሩ 30 ብሏል። ከ45 ላይ 12 ሲቀነስ እንዴት 30 ይሆናል? 33 ነው። ሁለት ጊዜ ሠራሁት። 33 ከምርጫዎቹ ውስጥ አለ። ደወልኩለት፤ ስልኩ ዝግ ነው። ተረኛ አዘጋጁ፣ እኛ «ሰዓት» የምንለው፣ የእጅ ሰዓቱን እያየ በላዬ ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ ገጹን ልቀቀው እንጂ! ማሽኑ ቆሟል።»

30ውን ሰርዤ 33 አደረግኩት። የሁለት ወር ማለዳዬ ለዚህ ጠቀመ ብዬ ደስ አለኝ። ሰማንያው ሳያገለግል ቀርቷል፤ ፈታኞች አንዳንዴ ትርፍ ቁጥር ጣል ያደርጋሉ።

መጨረሻው ላይ «አምና የመግቢያው ነጥብ 68 ነበር፤ ዘንድሮም ምናልባት ከዚያ አይወርድም» ይላል። አንድ ቃል ከቦታው ተርፎ ወደ ታችኛው መስመር ስለወረደ «ምናልባት»ን አወጣሁት።

ሚያዝያ 13፣ ሰኞ

ጋዜጣውን ይዤላት ገባሁ። እሷ መልሷን ታነባለች፣ እኔ ከጋዜጣው አመሳክራለሁ። እናቷ ቆማ በጣቷ ትቆጥራለች።

ስልሳ ሰባት።

እንደገና ቆጠርን። ስልሳ ሰባት።

«34 ላይ ስንት ነው ያልከው?»

«33።»

«እኔ 30 ነው ያልኩት... አባዬ፣ ጥያቄው "የማያውቁ" ነበር እኮ። ሁለቱንም የማያውቁ። ከብቤያታለሁ።»

«ጋዜጣው ላይ "የሚያውቁ" ነው።»

«ጋዜጣው ተሳስቶ ቢሆንስ?»

«ጋዜጣውን ያነበብኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

«ሰማንያውንም ተጠቅሜበታለሁ። ከ80 ላይ 12 ቀንሼ...»

«ትርፍ ቁጥር ነው። ለማምታታት ነው የሚያስገቡት።»

 ጋዜጣውን ከእጄ ወስዳ መስመሩን በጣቷ ተከተለችው። ከዚያ ሳቀች፤ ብቻዋን። «ድሮ ያለችውን አላይም ነበር፣ አሁን የሌለችውን ማየት ጀመርኩ ማለት ነው» አለች።

እናቷ፦ «አንድ ነጥብ ምን አላት? ተመዝገቢ ዝም ብለሽ።»

«ሥራውስ? ነጥቡ አይወርድም ብለው ጽፈዋል እኮ፣ እማዬ። ተመልከቺ፣ "አይወርድም"።»

«ምናልባት» ይል እንደነበር አልነገርኳቸውም።

ሚያዝያ 16፣ ሐሙስ

ዲግሪዋን ለኢንሹራንሱ አስረክባ ፈረመች። ከመሄዷ በፊት «ምን ትላለህ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። «በእጅ ያለው ይሻላል» አልኳት።

ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ

መምህሩ መጣ። ጋዜጣውን ጠቅልሎ እንደ ዱላ ይዞታል። ሰላምታም የለ።

«34ን ማን ነው የነካው?»

«እኔ ነኝ። ስልክህ ዝግ ነበር። ከ45 ላይ 12...»

«12ቱ እኮ የማያውቁ ናቸው! ከሰማንያው 12 ሲነሳ ስልሳ ስምንት ይቀራል። 45 እና 38 ሰማንያ ሦስት። ሁለቱንም የሚያውቁት አስራ አምስት፣ ማተሚያውን ብቻ ሠላሳ! ይሄንን ለማን ነው የማስረዳው?»

ታይፒስቷ በስልክ ስትሰማ በእጇ የጻፈችበትን ወረቀት ከመሳቢያዋ አወጣች።  «የማያውቁ» ይላል። ቁልጭ ብሎ። ወደ ኮምፒውተር ስትገለብጠው ነው ሚ የሆነው።

እሷ ሳተች። ይሄ በየቀኑ ያለ ነው፤ እኔ የተቀጠርኩትም ለዚህ ነው። ጥያቄና መልስ እንደማይገጥሙ አየሁ። ግማሹን አየሁ። ከዚያ ጥያቄውን አምኜ መልሱን ቀየርኩ። ለምን ጥያቄውን አልጠረጠርኩም? ከወንበሬ እስከ ታይፒስቷ መሳቢያ ዛሬ በእርምጃ ለካሁት። አስራ አንድ እርምጃ ነው።

ምዝገባው የተዘጋው ትናንት።

ሚያዝያ 19፣ እሁድ

አልነገርኳትም። ለመሥሪያ ቤት የምትለብሰውን ልብስ ስትተኩስ ዋለች።

ሚያዝያ 20፣ ሰኞ

ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። መዝገብ ቤት፣ መስኮት ሦስት። ሴትየዋ ሥርዓት ያላት ናት፤ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«የጋዜጣው መልስ ስህተት ነበር። ልጄ በዚያ ምክንያት ሳትመዘገብ...»

«አባት፣ መልስ ያወጣነው እኛ አይደለንም። ምዝገባው ዓርብ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ተዘግቷል።»

«የተለየ ጉዳይ...»

«ወሬው ተዳርሷል፤ ከጠዋት ጀምሮ አምስተኛው ሰው ነዎት። ጋዜጣውን ይጠይቁ።»

አምስተኛው። ከአራቱ አንዱ ምናልባት ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ዞሬ ማየት አቃተኝ።

ከዚያ ወደ ኢንሹራንሱ። ዲግሪውን አይመልሱም፤ ውል ውል ነው።

ማታ እርምቱ ከመታተሙ በፊት ከእኔ ትስማ ብዬ ነገርኳት። ወጥ እያማሰለች ነበር። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ አንዲት ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ታዲያ ማዋ ነበረች?»

«ነበረች።»

«ከብቤያታለሁ ብዬህ ነበር።»

«ብለሽኛል።»

«ጋዜጣማ ይሳሳታል፣ አባዬ። አንተ ግን እኔን...» ጨረሰችው? አልጨረሰችውም። እሳቱን ቀነሰች፣ እጇን ታጠበች፣ ገብታ በሯን ዘጋች።

እናቷ ማሰሮውን እያየች፦ «አላምናት ብለህ ነዋ» አለች። የምጮኽባት መስሎኝ ነበር። በምን አፌ?

ሚያዝያ 21፣ ማክሰኞ

እርምቱ ወጣ። ገጽ አስራ አምስት፣ አራት መስመር። የጻፍኩት እኔ፣ ያነበብኩትም እኔ። «ለተፈጠረው ስህተት አንባቢያንን ይቅርታ እንጠይቃለን» ይላል። አንባቢያን... አንዷ ከእኔ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ናት።

ስሜንም አስገቡት ብዬ «ሰዓት»ን ለመንኩት። «አሠራራችን አይደለም፣ ጋሼ» አለኝ።

የስህተት ደብተሯ ጠረጴዛው ላይ ተትቶ አገኘሁት። ጋዜጣው በወጣ ቀን የመጨረሻውን መስመር ጽፋበታለች፤ «አላየሁም» ዓምድ ውስጥ። «34፦ የሌለች ማ አየሁ።»

ቀይ እስክሪብቶዬን አወጣሁ። መልሼ ከተትኩት። በእሷ እጅ የተጻፈ ነው... እኔ ምን ብዬ አርመዋለሁ?

ግንቦት 7፣ ሐሙስ

ውጤት ወጣ። 68። የዘንድሮው መግቢያም 68።

 ወረቀቱን ያየሁት ፍሪጁ ላይ በማግኔት ተለጥፎ ነው። ማን እንዳነሳው አላውቅም፤ ከሰዓት በኋላ አልነበረም።

ግንቦት 21፣ ሐሙስ

ማለዳ ከእንቅልፌ የምነሳው አሁንም በዚያው ሰዓት ነው። ጠረጴዛው ጋ እቀመጣለሁ። እሷ ሻይዋን ቆማ ጠጥታ ትወጣለች። «ደህና ዋል» ትለኛለች፤ አትቀርም። አልተኳረፍንም እኮ። ብንኳረፍ ይሻል ነበር።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

ከሥራ ስገባ ልጄ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ነበር፤ ፊት ለፊቷ ሁለት ገጽ ወረቀት። ለአለቃዋ የምታቀርበው የመጀመሪያ ሪፖርቷ ነው። ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ አንድ ፊደል እንደጎደለ ካለሁበት ይታየኛል። 

ወረቀቱን አንስታ በአጠገቤ አልፋ ወደ ጓዳ ገባች።

«እማዬ፣ ዓይንሽን ጣል አድርጊበት።»

«እኔ? አባትሽ እዚህ ቁጭ ብሎ?»



እናቷ ወረቀቱን ይዛ ወጣች። በእጇ ርዝመት ልክ አራቀችው፣ አቀረበችው፣ ዓይኗን አጠበበች። ከዚያ ወደ እኔ መጣች።

«እስቲ መነጽርህን አውሰኝ።»

አውልቄ ሰጠኋት።